ፊቱ የተሸፈነው ጋላቢ

ሮቤ ውስጥ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ ፊት ማስተካከል ነው ብል ይቀለኛል። ሙሽራ ይመጣል፣ አገጬን ሰፋ አድርጊልኝ ይላል፤ ሙሽሪት ትመጣለች፣ አገጬን ቀጠን አድርጊልኝ ትላለች። ቅንድብ ማወፈር፣ ቅንድብ ማቅጠን፣ በሌለበት ጢም ማብቀል። ይህን ስሠራ ከርሜ አንድ ነገር ገባኝ፤ የወንድ ፊትና የሴት ፊት የምንለው ኮምፒውተር ላይ ሲታይ የጥቂት መስመር ጉዳይ ነው። እዚህ ትንሽ ገፋ፣ እዚያ ትንሽ ሳብ። ለአለቃዬ ይህን ስነግረው «ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ደንበኛ እንዳይሰማሽ» አለኝ።

እኔ ራሴ ያ መስመር በደንብ ያልተሰመረብኝ ሰው ነኝ። ቁመቴ ረጅም፣ ትከሻዬ ሰፊ፣ ድምፄ ወፍራም ነው። ብርድ ሲሆን፣ ሮቤ ደግሞ መቼ ብርድ አጥቶ ያውቃል፣ የጃኬቴን ኮፍያ ከሻሼ በላይ ስደፋው የባጃጅ ሹፌር «ወንድሜ፣ ግባ» ይለኛል። ስልክ ሳነሳ «ብራዘር» እባላለሁ። ወንዳወንድ የሚለውን ስም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጠግቤዋለሁ፤ አሁን የሚለኝ ሰው ካጋጠመኝ የባሰ ነገር መልሼለት እሄዳለሁ። እናቴ ግን ቃሉን ስትሰማ ዝም ትላለች። ከስድቡ ይልቅ የእሷ ዝምታ ነው የሚያበሽቀኝ።

የአክስቴ ልጅ ኮድ መጻፍ ተምሮ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የስልክ ጌም እንሥራ አለኝ። እሱ ኮዱን፣ እኔ ሥዕሉን። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ ጋላቢ ከብርዳማው የሳነቴ አምባ ተነስቶ ጭጋጉን፣ ጅቡንና ሽፍታውን አልፎ ጎባ ገበያ ይደርሳል። ጋላቢውን ለመሳል ብዙ አልተጨነቅኩም። ሳነቴ ላይ ሰው እንዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ቡልኮው እስከ አፍንጫ፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድብ፣ የሚታየው ዓይን ብቻ። ፈረሱ አጠገባችሁ ደርሶ ሰላምታ እስክትለዋወጡ ድረስ ጋላቢው ወንድ ይሁን ሴት አታውቁም። ማንም ደግሞ አይጨነቅበትም። ብርድ ነው፣ ሰው ተሸፍኗል፣ አለቀ።

እንቅስቃሴውን ለመሳል የጎረቤት ፈረስ ተውሼ፣ ስልኬን ግንብ ላይ አስደግፌ ራሴን ቀረጽኩ። ስወጣ፣ ስወርድ፣ ልጓም ስስብ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ጋላቢው ከማን ተቀዳ ሲሉኝ «ከመንገድ» እላለሁ። እውነቱን ግን አውቀው ነበር፤ የተሸፈነው እኔ ነበርኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዞር ብሎ ሁለቴ የማያየው እኔ። ስለዚህ ያንን ሥዕል ማንም እንዲነካብኝ አልፈለግኩም።

የአክስቴ ልጅ ገና ሲያየው «ወንድ ነው ሴት?» አለ።

«ጋላቢ ነው።»

«እሱማ ገባኝ። ሰው ግን ይጠይቃል።»

ጠየቀም። ጌሙን ለሙከራ አስፋልቱ ዳር ያለ ጌም ቤት ወሰድነው። እዚያ የሚውሉት ወጣቶች የውጭ ጌም ሲጫወቱ ወገቡ የቀጠነ፣ ፀጉሩ እስከ ጀርባው የወረደ፣ ከንፈሩ ቀለም የተቀባ የሚመስል ጎራዴ ያዥ ይመርጣሉ። ወንድ ነው ሴት ብለው ትንሽ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ይጫወቱበታል። የእኛን ጋላቢ ሲያዩ ግን አንዱ ስልኩን መለሰልኝና «መጀመሪያ ምን እንደሆነ ንገሪን» አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ለሩቅ አገር ሰው የተፈቀደው ሁሉ ከሳነቴ ለሚወርድ ሰው ሲሆን መታወቂያ ይጠየቅበታል። ስልኬን ነጥቄ ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ እየሮጠ ደረሰብኝ፣ እጄን ያዘኝ፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ጎባ ላይ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቀን ተይዟል፤ አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌውም ወጣቱም ይኖራል። ሰዉ ጋላቢውን ከተቀበለው እንዳለ ይቆያል። ካጉረመረመ ጢም ይሳልለታል፣ እኔም ነገር አላነሳም። እሺ አልኩ።

ከማሳየታችን በፊት አንድ ነገር ጨመርኩ። የጋላቢው እጅ ባዶ ሲሆን ሥዕሉ የጎደለው መሰለኝ፣ እና ዙሪያዬን ስፈልግ የእናቴን ሲንቄ አየሁ። እናቴ የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ናት፤ ሲንቄ ማለት እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያገባች ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከገባች ወንዶቹ መቆም አለባቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ የቀረሁ አይደለሁም። ግን አባቴ ከስልጤ ለንግድ የመጣ ስለነበር ቤታችን የሚወራው በአማርኛ ነበር፤ የእናቴ ነገር ሁሉ ከበሩ ጀርባ እንደቆመው እንደዚያ በትር ሁልጊዜ የሚታይ፣ ማንም የማይጠይቅበት ነበር። ፎቶ አነሳሁት፣ እጇ ያጠቆረውን ቦታ ሳይቀር ገለበጥኩት፣ ለጋላቢው አስያዝኩት። በጣም አማረበት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የአባቴ እህት ልጅ ነው፤ ለእሱ እንጨት እንጨት ነው። ስክሪኑን ስትነካው በትሩ ተነስቶ ሽፍታው ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ሽፍታው ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ሁለታችንንም አስቆን ነበር።

የጎባው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እናቴ ልመጣ ነው ስትል ደንግጬ ነበር፤ መጥታ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ተራችን ደርሶ ጋላቢው ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። መጀመሪያ ጭብጨባ ነበር። ሳነቴን አወቁት፣ ጭጋጉን አወቁት፣ አንዱ «ወላሂ፣ የእኛ ዳገት!» ብሎ ጮኸ። ትንፋሼ መለስ አለ። ከዚያ ሽፍታው ብቅ አለ፣ በትሩ ተነሳ፣ አረፈበት።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ኩን ዺራ ሞ ዱበርቲ?» አሉ፤ ይህ ወንድ ነው ሴት ማለታቸው ነው። የአክስቴ ልጅ ወደ ማይኩ ጎንበስ ሲል «ወንድ» ሊል እንደሆነ ስለገባኝ ክንዱን ቆነጠጥኩት። ሽማግሌው መልስ አልጠበቁም። ወንድ ከሆነ ሲንቄ ምን ይሠራለታል? ሴት ከሆነች በሲንቄ ሰው ትመታለች ወይ? ማንን ልታስቁበት ነው ያመጣችሁት? ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላቸው ያለው ጉርምርምታ ከፍ አለ። «አጥፉት!» የሚል ተሰማ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የሴቶቹ መነሳት ነው። የሲንቄ ክብር ሲነካ ሴቶች ከየቤታቸው ይወጣሉ፣ ክብሩ በይቅርታ እስኪመለስ አይገቡም። ይህንንም አውቀው ነበር፣ ከበሩ ጀርባ እንዳለው ነገር ሁሉ። አሁን ግን ቆመው አየኋቸው፣ እናቴም ከመሀላቸው ነበረች።

«ጢም ነው የሚያድነን» አለኝ የአክስቴ ልጅ በሹክሹክታ። «አሁኑኑ ወንድ ነው፣ በትሩም ተራ ዱላ ነው በይ።»

ብናገር በዚህ ድምፄ ነው የምናገረው፣ በማይክ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንድ ቃል ሳልተነፍስ እናቴ ወደ ፊት መጣች። በወንበሮቹ መሀል ስታልፍ መንገድ ለቀቁላት። ጋላቢው የበራበት ግድግዳ ሥር ደርሳ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ልጠፋ ፈለግኩ፤ እንደ ልጅነቴ ከቡልኮ ሥር መግባት ነው ያማረኝ።

«እንጨቱ የእኔ ነው» አለች። በኦሮምኛ ነበር፤ ወዲያው ለወጣቶቹ በአማርኛ ደገመችው። «ይኸው፣ እጄ ያጠቆረው። ከቤቴ በር ኋላ ነው የተወሰደው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ልክ ነዎት፣ በሲንቄ ሰው አይመታም። ጥፋት ነው፣ ይጠፋል። ይቅርታውን እኔ እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣቸው በረደ እንጂ አልተቀመጡም። «ጋላቢውስ?» አሉ። «እሱስ ምንድን ነው?»

«ጋላቢው ምን አደረገዎት?»

አንድ ቦታ ሳቅ ተሰማ፣ ቶሎ ታፈነ። እናቴ አልሳቀችም። «ፈረስ ላይ እንዴት እንደሚወጣ አዩ? በግራ እግር ተንደርድሮ፣ ትከሻውን አስቀድሞ። እንዲህ የሚወጣ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ናት። ሲንቄውን ሳልሰጣት ነው የያዘችው፤ ጥፋቷ እሱ ነው፣ ሌላ ጥፋት የላትም።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ነደደ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አሸንፌ ነበር፤ ጋላቢዬ እንዳለ ይቆያል፣ ጢም የለም፣ ጡት የለም። ደስታ ግን አልተሰማኝም። በሰው ሁሉ ፊት ተገልጬ ቆሜያለሁ፣ የገለጠችኝም እናቴ ናት። ተናድጄባት ነበር።

በሚኒባስ ወደ ሮቤ ተመለስን። በሁለቱም ወገን የስንዴው ማሳ ያልፋል፣ እሷ በአንዱ መስኮት ታያለች፣ እኔ በሌላው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፎቶ ቤት መጣች። እስከዚያ ቀን የሥራ ቦታዬን ረግጣው አታውቅም። አለቃዬ ወንበር አቀረበላትና ሻይ ሊያዝ ወጣ። «አጥፊው፣ ልየው» አለች። ጋላቢውን ከፍቼ ሲንቄውን ከጫፉ ጀምሬ ማጥፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጫፉ ሄደ፣ ከዚያ መሀሉ፣ ከዚያ የጠቆረው ቦታ። እንደዚያ ያመኛል ብዬ አላሰብኩም። ሰው በሌለበት ብቻዬን ባጠፋው ይቀለኝ ነበር። ሳበቃ ጋላቢው ምንም ያልያዘ እጁን ጨብጦ ቀረ።

እናቴ ስክሪኑን እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አታገቢም ብዬ አይደለም ያስጠፋሁሽ» አለች።

አታገቢም ብለሽኛል ብያት አላውቅም፤ እሷም ብላ አታውቅም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዝም ስትል ስታስበው የኖረችው ይህንን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የምታፍርብኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስትፈራልኝ ነው የኖረችው።

«ካላገባሁስ እማዬ?» አልኳት። ድምፄ ከወትሮው ይልቅ ወፍሮ ወጣ። «ሲንቄ የሚሰጠኝ የለም ማለት ነው?»

ወደ እኔ ዞረች።

«እሱን እኔም አላውቀው፣ ልጄ» አለችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሻዩ መጥቶ እስኪቀዘቅዝ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።