ወጨጫ ላይ ዝናብ የጠበቅን ቀን

የሃይኪንግ ቡድናችን የአየር ሁኔታ ትንበያ ክፍል እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አንድ እሑድ "ዛሬ በረዶ አለ" አልኩ፣ በረዶ መጣ፣ በቃ በዚያው ቀረሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ካለው ቢሯችን መስኮት አንገቴን አውጥቼ ወደ ምዕራብ አያለሁ፤ ስልኬ ላይ ያሉትን ሦስት አፖች እከፍታለሁ፤ ሦስቱም የማይገናኝ ነገር ሲነግሩኝ አማካዩን ይዤ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ከእውቀቴ ድፍረቴ ይበልጣል። ሰው ደግሞ ድፍረት ያምናል።

የክረምት መጨረሻ ተራራ ጠባዩ የታወቀ ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ደመና ብቅ ብቅ ይላል፣ አምስት ሰዓት ላይ ይጠቁራል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚሆነውን ጫፍ ላይ ቆሞ ማየት የሚፈልግ ሰው ጤነኛ አይደለም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ መስቀል አደባባይ ተገናኝተን በሚኒባስ እንሄዳለን፤ አምስት ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ ዞረን እንወርዳለን። "ጫፉ እኮ ያውና!" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እንወርዳለን። በዚህ ሕግ ላይ አምባገነን ነኝ፤ በተረፈው ሕይወቴ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ለማለት የማፍር ሰው ነኝ።

ያን ዓመት ጳጉሜ ሦስት እሑድ ላይ ዋለች። የሩፋኤል ዕለት የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው ይባላል፤ ልጆች ሳለን ሰፈር ውስጥ ልብሳችንን እየጣልን ወጥተን እንጠመቅበት ነበር። ዓርብ ዕለት "እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት ዝናብ የለም" ብዬ ስለጥፍ ግሩፑ አኮረፈ።

"በሩፋኤል?"

"ትንሽ ካፊያ እንኳ አትፈልግልንም?"

"አፕህን አፕዴት አድርገው ባክህ።"

ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲሸሹ የኖሩ፣ ውኃ ስለማያስገባ ጫማ ሲከራከሩ ጉሮሯቸው የሚደርቅ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዝናብ አማረን ያሉት።

ከሁሉም የባሰችው እናቴ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ቂርቆስ፣ እኔ ባደግኩበት ቤት ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ እንድትራመድ ቢመክራት መስቀል አደባባይ ደረጃ መውጣት ጀመረች፤ ደረጃው ሲያንሳት እኛን ተቀላቀለች።

"እዚህ የሚዘንበው በስንቱ ቆርቆሮ ዞሮ፣ የስንቱን አቧራ ይዞ ነው የሚደርሰኝ" አለችኝ። "እዚያ ከመነሻው እቀበለዋለሁ። ጉልበቴም ይሻለዋል።"

"እማዬ፣ ተራራ ላይ እኮ በረዶም ይኖራል።"

"በረዶም ውኃ ነው። ለማን ነው የምታስተምረው?"

እሑድ ጠዋት የወጨጫን ተራራ መውጣት ስንጀምር ጭቃው ጫማችን ላይ እየተለጠፈ ሁላችንንም በአንድ ጣት አስረዘመን። እናቴ በሁለት ዱላ እየተመረኮዘች፣ አካሄዳችንን እያረመች ወጣች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ነበርን። አምስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ "እንውረድ" አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም።

"ትንሽ እንጠብቅ፣ ደመናው እየመጣ ነው እኮ።"

"እኮ! ለዚህ ነው የምንወርደው!"

"ለዚህ ነው የመጣነው" አለች እናቴ። ሁሉም ሳቁ።

እዚህ ላይ ጨክኜ ማስነሳት ነበረብኝ። ግን እናቴ ጉልበቷን እያሸች፣ ቀና ብላ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ እንዲያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቻለሁ። "ሠላሳ ደቂቃ ብቻ" አልኩ። ተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዶፍ የሚጠብቅ ሌላ የሃይኪንግ ቡድን በዓለም ላይ ካለ ብተዋወቀው ደስ ይለኛል።

ሠላሳ ደቂቃው ሳይሞላ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲያርፉ ሰዎቼ የዝናብ ልብሳቸውን አወለቁ። አወለቁ! ስለ አዲሱ ጃኬቱ ወር ሙሉ ሲያደክመን የከረመው ልጅ እንኳ፣ ጃኬቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ እንዳይረጥብበት። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እልል አለች። ከዚያ ነፋሱ ዞረ፤ ሽምብራ የሚያህል በረዶ ፊታችንን ይገርፈው ጀመር፤ ነጎድጓዱ እግራችን ሥር የሚፈነዳ መሰለ። "ውረዱ!" ብዬ ጮህኩ። አሁን ሁሉም ታዘዙኝ።

ግማሽ መንገድ ስንወርድ እናቴ ዝም አለች። እናቴ ዝም አትልም። ዞሬ ሳያት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ዱላዎቿ የሉም።

"እማዬ፣ በረደሽ?"

"ደብተርህን ዝጋና ውጣ" አለችኝ፣ እንደ ሰከረ ሰው ምላሷ ተሳስሮ፣ አሁንም ክፍል ውስጥ የምታስተምር ይመስል።

ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት። እጇን ይዛ አየቻትና "መንቀጥቀጣቸው ቆሟል፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። እርጥቡን አሁኑኑ እናውልቅ" አለች። ሴቶቹ አንድ ጋቢ ወጥረው ጋረዷት፤ ያን ደረቅ ጃኬት፣ የኔን ሹራብ፣ የሌላውን ካልሲ አለበሷት። ቦርሳዎቻችንን ደርድረን በላዩ አስቀመጥናት። እኔ እግሯን ሸሚዜ ውስጥ አስገብቼ ሆዴ ላይ አጣበቅኩት። ድንጋይ ነው። በረዶው አሁንም ይወርዳል፤ የደረቀው ሁሉ ከላይ እየራሰ ነው። እናቴን የገደልኳት መሰለኝ፤ ሕጌን አውቄ፣ ሰው ስለሳቀብኝ። ከፈራሁባቸው ቀኖች ሁሉ ያን ቀን የሚደርስበት የለም። በልጅነቴ ካቆምኩ ወዲህ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ ጸለይኩ። "ሩፋኤል፣ አቁመው" አልኩ ጮክ ብዬ። "በቃ፣ አቁመው!"

ብዙም ሳይቆይ አቆመ። የክረምት መጨረሻ በረዶ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እናቴ እንደገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነርሷ እንደ ሠርግ ቤት አጨበጨበች። እየተቀባበልን አዝለን አወረድናት። ሚኒባሱ ውስጥ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥታ፣ ፊቷ ቀላ ሲል፣ በመስኮቱ ጠራ ያለውን ሰማይ አየችና ቅር አላት።

"ምነው እንዲህ ቶሎ ቆመ?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። "እንዲያቆም ጸልዬ ነው።"

ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ዓመት ጸልይ ብዬ ስለምንህ እምቢ ያልከኝ ልጅ፣ ዛሬ ጸለይክና ዝናቤን አስቆምክብኝ?"

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልመልስላት አፌን ስከፍት ልቅሶ ቀደመኝ።