የሐይቁ ምሳ

ስርጉት ያቺን ቅዳሜ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብቃታለች። እሷ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለው አፓርታማቸው በጠዋት ወጥታ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ስታገላብጥና ስታጥብ ትውላለች፤ ባሏ ጫላ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ያድራል። መኪናቸው አንድ ናት። እሱ ሲገባ እሷ ቁልፉን ተቀብላ ትወጣለች፣ እሷ ስትገባ እሱ ተቀብሏት ይወጣል። ለመነጋገር የቀራቸው ፍሪጁ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን "ወተት አልቋል" ከማለት የዘለለ ነገር ተጽፎ አያውቅም።

ጫላ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተለዋውጦ የቅዳሜን ኦፍ ሲያገኝ፣ ስርጉት ሐይቁ ዳር እንውላለን አለች። ሐይቁ ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ዳላስ ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ አንድም ቀን ወርደው አላዩትም። ለነገሩ ውሃውም ያን ያህል አላጓጓትም። የፈለገችው ያልተኛና ያልቸኮለ ባል አጠገቧ ቁጭ ብሎ አንድ ቀን እንዲያወራት ነው። በማለዳ ተነስታ አርባ ሳምቡሳ ጠበሰች፣ እንጀራ በአልጫ ጠቅልላ በፎይል ሸፈነች፣ ሀብሀብ ቆራረጠች፤ ሁሉንም በረዶ የሞላው ኩለር ውስጥ አስተካክላ ደረደረችና ቢጫ ቀሚሷን ለበሰች።

የሰባት ዓመት ልጃቸው ሐዊ ጫማዋን ስታስር ስልክ ጮኸ። የእትዬ ወሰንየለሽ ወንድም ደሴ ላይ አርፏል፣ መርዶውም ትናንት ተነግሯቸዋል። እነ ስርጉት በዲቪ ሲመጡ ኤርፖርት ድረስ ሄደው የተቀበሏቸው፣ ሁለት ወርም ቤታቸው ያስቀመጧቸው እሳቸው ናቸው። ይህ የሚቀርበት ለቅሶ አይደለም። ገና ከሌሊት ሥራው የገባው ጫላ ዓይኑን እያሸ፣ ብቅ ብለን እንወጣለን፣ ሰላሳ ደቂቃ ብቻ፣ አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ በሰላሳ ደቂቃ የወጣ ሐበሻ እስካሁን አልታየም፤ ስርጉትም ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን ለመከራከር አቅም አልነበራትም፣ ኩለሩን መኪናው ላይ አስጭና፣ ቢጫው ቀሚስ ላይ ጥቁር ነጠላ ደርባ ወጣች።

መንገድ ላይ ሁለት ካርቶን ውሃ ገዙ። ግራንድ ፕሬሪ፣ እትዬ ወሰንየለሽ ደጅ ደርሰው ጫላ ውሃውን ሊያወርድ የመኪናውን ትራንክ ሲከፍት፣ ዓለምጌጥ እጇን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። ዓለምጌጥ ማለት በየለቅሶው ማንም ሳይሾማት ጓዳውን የምታዝ ሴት ናት። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፣ የሚበላውን የሚያመጣው ጎረቤትና ወዳጅ ነው፤ ስለዚህ ኩለሩን ስታይ ምንም አልጠየቀችም። ተባረኩ ብላ አቅፋው ገባች። ጫላ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱም ባሏን አየች። ምን ይባላል? ለሽርሽር ነው ያዘጋጀነው፣ መልሺልን ይባላል?

ጫላ ወንዶቹ ካርታ ወደሚጫወቱበት ጋራዥ ሄደ፣ ስርጉት ከሴቶቹ ጋር ሳሎን ተቀመጠች። ሰላሳ ደቂቃው አለፈ፣ ሁለት ሰዓትም አለፈ። ምሳ ሲቀርብ የጠዋት ልፋቷ በትሪ ሆኖ በፊቷ ይዞር ጀመር። ሰው ሁሉ ሳምቡሳውን አመሰገነ። ሀብሀቡ ጋ ሲደርሱ ግን ጥቂቶቹ ተያዩ፤ ለቅሶ ቤት ሀብሀብ ቆራርጦ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠማቸውም። ስርጉት በሟቹ አዘነች፣ በሳምቡሳውም አዘነች፣ በሳምቡሳው ማዘኗ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳፈራት።

ይሄኔ ሐዊ ከጓሮ ሮጣ ገባችና ትሪው ላይ አፈጠጠች።

"ማሚ፣ ያ እኮ የእኛ ነው። ለሌኩ ነው የሠራሽው።"

እትዬ ወሰንየለሽ ቀና አሉ፤ ከነጠላው ስር ብቅ ያለውን ቢጫ ቀሚስ አዩ፣ ሀብሀቡንም አዩ። ስርጉት የልጅ ነገር ነው እትዬ፣ አይስሟት፣ ብላ ልትሸፋፍን ሞከረች።

"አብራችሁ ኦፍ ከሆናችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?" አሏት።

"አሥራ አንድ ሳምንት" አለች ስርጉት አንገቷን ደፍታ።

"እኔና ወንድሜ ቀን ሲገጥመን እንተያያለን ስንባባል አሥራ ሰባት ዓመት ሆነን" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል። "ተነሺ ልጄ፣ ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ሰው ሞልቶልኛል።"

ስርጉት ጉልበታቸውን ስማ ተነሳች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሁን ቢወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐይቁ ዳር ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ። እየተጣደፈች የጋራዡን በር ከፈተችው።

ወንዶቹ ካርታውን የሚጥሉት ቀስ ብለው፣ የሚነጋገሩትም በሹክሹክታ ነበር። ጫላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ካርታውን በእጁ እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አጠገቡ የተቀመጡት አቶ ወልዴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው፣ አሏት።

ተናደደች። ትከሻውን ይዛ ልትነቀንቀው፣ ይኸው ተፈቅዶልናል ልትለው እጇን ዘረጋች። ባሏን በቀን ብርሃን ከቅርብ ካየችው ቆይታለች። ጢሙ ሽበት ጀምሮታል፣ ሁለት ጣቶቹ በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ መቼ እንደተጎዳ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ብትቀሰቅሰው እንደሚነሳ ታውቃለች። መኪናውን ይነዳል፣ ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑ እየተከደነ ለእሷ ሲል ይስቃል።

ታጣፊ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ተንሸራቶ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እሷም አልተነቃነቀችም።

"ደረስን እንዴ?" አለ ጫላ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ደርሰናል" አለችው። "ተኛ።"