ዋንዛና የጅብ ጥላ

እኔ የዋንዛ ሰው ነኝ። ባዮሎጂ ላስተምር ተመድቤ ጂንካ ስመጣ መጀመሪያ የወደድኩት በተከራየሁት ግቢ የነበረውን ዋንዛ ነው። ነጭ አበባውን አንዴ ካወጣ ለሳምንታት ንብ ሲተራመስበት ይከርማል። ዛሬ ባታየው ነገ ታየዋለህ።

ባለቤቴ የአገሩ ሰው፣ የአሪ ልጅ ነበረች፤ የእሷ ነገር እንጉዳይ ነው። ዝናብ ባደረ ጠዋት ከከተማው በላይ ካለው ጫካ፣ ከምስጥ ኩይሳ ሥር ለቅማ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታመጣለች። ቦታውን ያሳየቻት እናቷ ናት፤ ሴቶቹ ለባዳ አያሳዩም። እኔን ግን በየዓመቱ "ና ላሳይህ" ትለኝ ነበር። እኔ ሰሜን ነው ያደግሁት፤ በእኛ አገር እንጉዳይ የጅብ ጥላ ነው፣ ማን ይበላዋል? "አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። ከዋንዛ ጋር በምኑ ይወዳደራል?" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች።

"ዋንዛ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃላ! እሱ ነው ያሰነፈህ።"

በተጋባን በአሥራ አንደኛው ዓመት ታመመች። ጉበቷ ነው አሉ። ምግብ እምቢ አላት። አንድ ማክሰኞ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ "እንጉዳይ አማረኝ" አለች። ከታመመች ጀምሮ አማረኝ ያለችው እሱን ብቻ ነው። መንገዱንም አልጋዋ ላይ ሆና ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረብኝ።

"ቅዳሜ አመጣልሻለሁ።"

"ቅዳሜ ሩቅ ነው" አለች ቀስ ብላ። አልተከራከረችኝም። እንጉዳይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ያልጠየቅሁት እኔ፣ እዩኝ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ!

ቅዳሜ ቦታውን በቀላሉ አገኘሁት። እንጉዳዩ ጠቁሮ፣ ተልቶ፣ መሬት ላይ ፈሷል። ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ከግቢያችን ዋንዛ አንድ ዘለላ አበባ ቀጥፌ ሰጠኋት። አሸተተችው። "ያምራል" አለችና ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችው። ያቀረብኩላትን ሾርባ ግን አልነካችም። ሳምንት አልቆየችም።

በልግ መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ የዕለቱን ትምህርት እንኳ ትቼ፣ ገና ሲነጋ ሄድኩ። ኩይሳው ዙሪያ ነጭ ሆኖ ፈልቷል። እያለቀስኩ ለቀምኩት። ቤት ገብቼ እሳት አነደድኩ፣ ድስት ጣድኩ፣ ከዚያ ቆምኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ስትሠራው አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየኋትም፤ እንዴት እንደሚበስል አላውቅም ነበር።