ባለ ካባውን የቀበርኩ ዕለት

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ደባርቅ ገበያው ዳር ባለች በረንዳ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የስፌት መኪና ረግጫለሁ። ከስፌቱ ሌላ የምወደው ነገር ቢኖር ፊልም ነው፤ ያውም ኃያላን ሰዎች የሚበሩበት፣ የወደቀ አውቶቡስ በአንድ እጅ የሚያነሡበት ፊልም። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

ነገሩ የጀመረው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በእትዬ የዓለምወርቅ ቪዲዮ ቤት ነው። ጎንደር እስከ አሥረኛ ክፍል ስለተማርኩ እንግሊዝኛው ትንሽ ትንሽ ይገባኝ ነበር። ስለዚህ ማይክራፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና ለገበያተኛው በአማርኛ እናገራለሁ። የገባኝን እተረጉማለሁ፤ ያልገባኝን ከተዋንያኑ ፊት አይቼ እሞላለሁ። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። የገዛውን በግ ይዞ የሚገባም አይጠፋም።

ሁሉም የሚወዱት ካባ ለብሶ የሚበረውን ነው። ስሙ ለአፍ ስለማይመች "ባለ ካባው" አልነው። አያ ገሠሠ የሚባሉ ገበሬ መጀመሪያ ያዩት ዕለት "ሙሽራ ነው እንዴ? ሚዜዎቹን የት ጣላቸው?" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ገበያ ቀርተው አያውቁም። እኔ የማየው እንደ ልብስ ሰፊ ነበር። ያ ሁሉ ጨርቅ ነፋስ እየጎተተው ከትከሻው ላይ በምን ተያዘ? እሳት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ጠርዙ እንኳ አይተረተርም። ማን ሰፋለት? ማን ያጥብለታል? ይህን የነገረኝ ፊልም የለም። እንዲያም ሆኖ እወደው ነበር።

ባለ ካባው ተመትቶ ሲወድቅ አዳራሹ ይጨነቃል።

"ስሜነህ፣ ሞተ እንዴ?"

"አክተር አይሞትም!" እላለሁ፤ ሰዉም ይተነፍሳል። የቤቱ ሕግ ነበረች።

በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታናሽ ወንድሜ እንግዳው ሞተ። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሊማሊሞን ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አለ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ቪዲዮ ቤት የማገኛቸው ሰዎች ሁሉ ቀብሩ ላይ ነበሩ፤ አያ ገሠሠም ቃሬዛውን ተሸክመዋል።

አርባው እስኪወጣ ማይክራፎን አልያዝኩም። ሲወጣ እትዬ የዓለምወርቅ አስጠሩኝ። "ካሴት መጥቷል። ሰዉ ያንተን አፍ ነው የሚፈልገው፤ ሐዘኑም ቤት ሲውሉበት ይብሳል" አሉኝ። ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ጺሜን ሳልላጭ ሄድኩ።

በዚያ ፊልም ባለ ካባው ከፎቅ ወደቀ። መንገድ ላይ ተዘረጋ፤ አንዲት ሴት ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እዚያ ላይ ካሴቱ አለቀ። የሚቀጥለው ገና ከጎንደር አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ባዶውን ሲንሿሿ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ሞተ እንዴ?" አሉ አያ ገሠሠ።

"ሞተ" አልኩ።

ማንም አልተነፈሰም። እኔ ግን አላቆምኩም። ዘመዶቹ መጥተው በቃሬዛ እንዳነሡት፣ ጎረምሶች ትከሻ እየተቀያየሩ እንደተሸከሙት፣ ሰባት ቦታ አሳርፈው ፍትሐት እንዳደረሱለት፣ ከአባቱ ጎን እንደተቀበረ ተናገርኩ።

"እዚያም አገር ቄስ አለ?" አለ አንዱ።

"ቄስ የሌለበት አገር የለም።"

"ተዝካሩስ?"

"በደንብ ወጣ። በልተው ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።"

አያ ገሠሠ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። "ነፍስ ይማር" አሉ። ሌላውም ተከትሎ ተነሣ። እንግዳው ከሞተ ወዲህ ደረቴ ቀለል ያለኝ ያን ዕለት ነው። ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር የሰማሁ መሰለኝ፤ የተናገርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ገበያ ቀጣዩ ካሴት መጣ። ገና ሲጀምር በር ተከፈተ፤ ባለ ካባው ገባ። ቁስል የለው፣ አቧራ የለው። ጓደኛው "ዘገየህ" ብሎት ቡናውን መጠጣት ቀጠለ። እናቱም ወጥ ታማስል ነበርና ዞር ብላ ፈገግ አለች። ያናደደኝ መመለሱ ብቻ አልነበረም። የሚጮህ መጥፋቱ ነው። የሚወድቅ፣ የሚዳስሰው፣ "አንተ ነህ?" የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። እንግዳው በር ከፍቶ ቢገባ እናቴ ቆማ ወጥ ታማስላለች?

"አንተ ስሜነህ፣ ይኼ የቀበርነው አይደለም?" አሉ አያ ገሠሠ።

ማይክራፎኑን ጨበጥኩ። "ወንድሙ ነው" አልኩ። "የሟቹን ልብስ ለብሶ ነው።"

"አይ ደግ ወንድም!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ነገሩ በዚሁ ሊያልፍልኝ ነበር። ነገር ግን ከዳባት ተዛውሮ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ መምህር ያርጋል፣ ከአግዳሚው ተነሣ።

"ኧረ ጋሽ ስሜነህ፣ ራሱ ነው! አሁን እኮ 'አልሞትኩም' አለ።"

ቤቱ ተነቃነቀ።

"የበላነውን ተዝካር ምን እናድርገው?"

"ቄሱን ጥሩና ፍትሐቱን ይመልሱ!"

"ደግሞ ሰባት ቦታ አሳርፎ!"

እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እትዬ የዓለምወርቅ ከበሩ አጠገብ ሆነው "በል 'ተነሣ' በላቸው፣ አንዲት ቃል ናት! ሰዉ ሊወጣብኝ ነው!" አሉኝ።

አንዲት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ። በፊቴ የተቀመጡት ወንድሜን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የሞተ ሰው ተነሣ፣ ወጥ ይቀርብለታል ልበላቸው? አፌ እምቢ አለኝ። ማይክራፎኑን ለመምህር ያርጋል ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ማይክራፎን አልያዝኩም። ፊልሙን ግን አልተውኩም። አሁን ቤቴ ዲሽ አለ፤ የሚበሩት በዝተዋል፤ እንደ ሠራዊት ተሰልፈው ይመጣሉ። አንዱ ሲሞት የእኅቴ ልጆች "አታልቅስ አጎቴ፣ በሚቀጥለው ይመለሳል" ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ይመለሳል። እነዚያ ሁሉ ደራሲዎች ፎቅ ሲያፈርሱ አይደክማቸውም፤ አንድ ሰው ቀብሮ መተው ግን አቅቷቸዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀብረው ቢተዉት፣ የቀሩት ሰዎች በማግስቱ ምን እንዳደረጉ ቢያሳዩኝ ብዬ እጠብቃለሁ። እስካሁን አላየሁም።

ያን ዕለት ማይክራፎኑን ሰጥቼ ወጥቼ ቪዲዮ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ ተሰማኝ፤ "አልሞተም!" አለ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው። ትንሽ ቆይተው አያ ገሠሠ የገዙትን በግ እየጎተቱ ወጡ።

"ፊልሙን አያዩትም?" አልኳቸው።

"ምኑን?" አሉ ተቆጥተው። "እኔ ተነሥቼ ነፍስ ይማር ብዬዋለሁ። መልሼ አልወስድም።"

በጋቸውን ወደ መንገዱ መሩ።