የታመቀው ደብዳቤ

ካርቱም፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ከወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ሳይሰናበቱት ወደዚህ በመምጣታቸው። አንድ ቀን ከጎንደር የመጣ መንገደኛ ብጣሽ ወረቀት ሰጣቸው። ወንድማቸው ደብዳቤ አስጽፈዋል፤ ድንበር ላይ እንዳይጠፋ ብላ ልጃቸው የራሷ ድረ ገጽ ላይ አኑራዋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻው ብቻ ነው።

«እይልኝ ልጄ። ክፉ ነገር ካለው ግን፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ጠፋ በለኝ» አሉኝ።

አሮጌዋ ኮምፒውተሬ የምትችለው ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ብሮውዘር ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ አይወጣላትም። ፋይሉን አውርጄ በፍላሽ ዐማራት ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። የወጣው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። እኛ አማርኛ አንባቢዎች እንዲህ ያለ ነገር ስናይ አናመነታም፤ «ፎንት የለውም» እንላለን። እኔም አልኩ።

ከዚያማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ፎንት ስለምን ከረምኩ። እሳቸው ያንን ዝብርቅርቅ ወረቀት ትራሳቸው ሥር አኖሩት። ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው ሥር ጋደም ብለው በጣታቸው ይዳብሱታል።

«ይቺ መስመር ቁጣው ትመስለኛለች» ይሉኛል፣ እንቅልፍና ንቃት መካከል ሆነው። አንጀቴን ይበሉት ነበር።

አንድ ረቡዕ አቧራ ከተማውን ሸፈነው። አየሩ ቀልቶ፣ የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መሰለ። ፈዝዤ ስክሪኑን ሳይ ዐይኔ የፋይሉ መጠን ላይ አረፈ። ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው መጠን እኔ ካወረድኩት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለካ ፊደል አልጎደለም! ብሮውዘሬ ቶሎ እንዲደርሰው ድረ ገጹን «ፋይሉን አምቀህ፣ አሳንሰህ ላክልኝ» ብሎ ይጠይቅና የመጣለትን ሳይፈታ ያስቀምጠዋል። በአንዲት ትእዛዝ ፈታሁት። በዚያ አቧራ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ይዤ ሄጄ አሳተምኩት።

«እህቴ፣ አኩርፌ አረጀሁ» ብሎ ይጀምራል። ሳነብላቸው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቆመው አዳመጡኝ። መጨረሻው ግን እንዲህ ይላል፦

«ይቅር በይኝ። መንገደኛው ካርቱም በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስልክሽን እጠብቃለሁ። ካልደወልሽ እንዳልማርሽኝ ይገባኛል።» ከሥሩ ቁጥር አለ።

ሦስት እሑድ አልፏል። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ያላ፣ በል ደውል» አሉ። ቁጥሩን መትቼ ስልኩን ሰጠኋቸው።

አንዴ እንደጠራ ተነሣ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉት።

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ እሑድ ወዲህ ከስልኩ አጠገብ አልተነሣሁም።»