የሆሬስ መስፍ

ሆሬስ ፔርሃውስ ከአያቱ የወረሰውን መስፍ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን ከባድ መደብ፣ ለልጅ ልጁ ለጄማ እንደሚሰጥ የተናገረው አንደበቱ ሳይዘጋ በፊት ነው። ኔዘርተን መንደር ውስጥ ስንቱን የመርከብ ሰንሰለት ቀጥቅጦ ያወጣ አንጥረኛ ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አፉም ከ«አ... አ...» በቀር ቃል አይወጣው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል።

ጄማ ለፈረስ የኮቴ ብረት መምታት ተምራ ጨርሳ የራሷን የሥራ ቤት ልትከፍት ነው። የቀራት መስፍ ብቻ ነው፤ አዲስ ልግዛ ብትል አቅሟ አይችልም። ለኢንሹራንስ የአያቷን መስፍ ዋጋ እንዲገምት ስታንተን የሚባል የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ለቅዳሜ ተቀጠረ።

አባቷ ኬልቪን፣ የሆሬስ አማች፣ ደግ ሰው ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከደግነቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ጄማ ሥራ ላይ ሳለች፣ ብረት መፋቂያ ግራይንደር ይዞ መስፉ ወዳለበትና ሆሬስ ወደተቀመጠበት ጓሮ ወጣ።

«አባባ፣ ዛሬ ሙሽራ ነው የማስመስልልዎ! ይሄ ሁሉ ጠባሳ እያለበት ለልጅ ይሰጣል እንዴ?»

ሆሬስ ግን የሚሆነውን አወቀ። የመስፉ ጠንካራ ብረት ከላይ እንደ ቆዳ የተለበጠው ብቻ ነው፤ እሱም በዕድሜ ብዛት ሳስቷል። ከሥሩ ያለው ለስላሳ ነው። ቆዳው ከተፋቀ መዶሻ አይነጥርበትም። ይህን ድሮ ኔዘርተን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አሁን የሚያውቁት መቃብር ገብተዋል፣ አንዱ ደግሞ አፉ ተይዞ እዚህ ተቀምጧል።

«አ... አ...» አለ።

«አይዞዎት፣ ትንሽ ይጮሃል እንጂ ቶሎ ነው የምጨርሰው።»

ሆሬስ በደህና እጁ የሻይ ማንኪያውን አንስቶ የወንበሩን ብረት ሁለቴ መታ። ጠቅ፣ ጠቅ። በአንጥረኛ ቤት ጌታው መስፉን እንዲህ ቀስ አድርጎ ሁለቴ ሲመታ፣ ትልቁን መዶሻ የሚያወርደው ረዳት እጁን ይሰበስባል። አቁም ማለት ነው። ጄማም በልጅነቷ ስትረዳው በዚሁ ምልክት ነበር የምታቆመው። ኬልቪን ግን የቢሮ ሰው ነው። ቀና ብሎ ፈገግ አለ፣ ሻይ አምጥቶ አጠጣው፣ ተመልሶም መፋቁን ቀጠለ።

ጠቅ፣ ጠቅ። ብልጭታው ጓሮውን ሞላው። ጠቅ፣ ጠቅ። የሽማግሌው እንባ አገጩ ላይ ሲወርድ ኬልቪን በመሐረብ ጠረገለት።

«ደስ አለዎት አይደል?» አለው።

በማግስቱ ስታንተን መጣ፤ ሆሬስም ጓሮ ወንበሩ ላይ ነበር። የመስፉን ጎን በጠመኔ አሸት አሸት ቢያደርገው የተቀረጸው ጽሑፍ ነጥቶ ወጣ።

«የደድሊ ከተማ ሥራ! መቶ ዓመት አልፎታል። ወርቅ አግኝተሻል፣ የኔ ልጅ» አላት ጄማን። ከዚያ የተፋቀውን የመስፉን አናት አየና ፊቱ ተለወጠ። ከኪሱ የብረት ብይ አውጥቶ ለቀቀበት። እስከ እጁ ነጥሮ መመለስ የነበረበት ብይ ትንሽ ብድግ አለና ተንከባሎ ወደቀ።

«ማነው የፈጨው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኬልቪን። «እንዲያምር ብዬ... ስንት ያወጣል?»

«ለአበባ ማስቀመጫ ነው? ለሥራ ከሆነ ገድለኸዋል፣ ወንድሜ። ለቁራሌው በኪሎ ሽጠው! ትንሽ አታፍርም? ሰው አይጠየቅም? አንድ ሰው ጠፍቶ ነው?»

ጄማ እጇን መስፉ ላይ አሳረፈች። ስታንተን ስድቡን ቀጠለ፤ ኬልቪን መሬት መሬት ያያል።

ጠቅ፣ ጠቅ።

ጄማ ብድግ አለች። «ተው፣ ሚስተር ስታንተን። አያቴ አቁም እያለህ ነው።»

ስታንተን ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ብይ አነሳ። ጄማ በአያቷ እጅ ያለውን ማንኪያ አየች፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ትናንትም እንዲህ ሲመታ ነበር?»

«እስክጨርስ ድረስ» አለ ኬልቪን። «ደስ ብሎት የሚያጅበኝ መስሎኝ... በሱ ምት እኮ ነበር የምፈጨው።»