በራሳቸው የሚስቁ ሰዎች

ፍሬገነት ሀቢሶን ያገኘችው ሳታስበው፣ በስደት በሚኖሩባት ከተማ፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር፣ የኮሮና ክትባት ሰልፍ ላይ ነው። ማስኩን እስከ ዓይኑ ስቦት ስለነበር በመልኩ አላወቀችውም፤ ያሳበቀበት ድምፁ ነው። ልጅ ሆና ሆሳዕና፣ የመግቢያ ሳንቲም ስታጣ ከቪዲዮ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ቆማ የምትሰማው ድምፅ ነበር። የፈረንጁን ፊልም ድምፅ ቀንሶ፣ ማይክ ይዞ፣ ሽማግሌውንም ሴቲቱንም ፈረሱንም ሆኖ የሚተርከው ሀቢሶ።

"ጋሽ ሀቢሶ፣ ከንቲባው!" አለችው።

ዞር አለ እንጂ አልሳቀም።

ከንቲባው የአንድ አሮጌ የካውቦይ ኮሜዲ ሰው ነው። ውሃ የደረቀባት የአሜሪካ ከተማ ውስጥ አንድ ጥቁር እንግዳ ይመጣና ጉድጓድ ይቆፍርላቸዋል። ከንቲባው ሕዝቡን ሰብስቦ ይህ ሰው ይባረር ይላል፤ ሕዝቡም በአንድ እጁ የሰውዬውን ውሃ እየጠጣ በሌላው ድምፅ ይሰጣል። ፈረንጆቹ በገዛ ጉዳቸው የሳቁበት ፊልም ነው። ሀቢሶ ከንቲባውን በቀበሌ ሊቀመንበር ድምፅ ሲያናግረው ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሆሳዕና ውስጥ ያጎረሰውን እጅ የሚያማ ሁሉ "ከንቲባው" ሆኖ ቀረ።

ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ሀቢሶም ቀስ በቀስ አወራላት። አሌክሳንድራ በሚባለው ሎኬሽን፣ የጥቁር ድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበረው። ሰው ሁሉ ቤት ይዋል በተባለ ጊዜ፣ ጎረቤቱ በጠባብ ክፍል ታፍኖ ሲያይ፣ ቴሌቪዥኑን መስኮቱ ላይ ወደ ግቢው አዙሮ ያንኑ ፊልም ከፈተላቸው። በተሰባበረ የዙሉ ቋንቋው ተረከላቸው። ዳቦ ሊገዙ ተራርቀው የቆሙት ሰዎች ማስካቸውን አውርደው እስኪያስሉ ሳቁ። ከሁሉም የባሰበት ሙዚ ነበር፤ ሥራው ተዘግቶበት ሱቁ ደጃፍ የሚውል ጎረምሳ፣ ሀቢሶን "ማሉሜ"፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራ። የከንቲባውን አረማመድ ሳይቀር ተማረ። ውሎ አድሮ የውጭ ሰው ይውጣልን የሚል ሲመጣ ሰፈሩ "ሜየር"፣ ከንቲባው፣ እያለ ያሸማቅቀው ጀመር።

ሀቢሶ ሰፈሩን አመነ። ሆሳዕና ያለችው ሚስቱ ኤርጎጌ ሱቁን ዝጋና ና እያለች በስልክ ስታለቅስ፣ እዚህ ያሉት በራሳቸው የሚስቁ ሰዎች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይነካኝም እያለ ያጽናናት ነበር።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከተማው በዝርፊያ ታመሰ። የሱቁ በር ተገነጠለ። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ፍሪጁ ወጣ። ቴሌቪዥኑን የተሸከመው ሙዚ ነበር።

"አላፈረም?" አለች ፍሬገነት።

"ምን ያፍራል። 'ማሉሜ፣ በጓሮ ውጣ፤ እነዚህ አያውቁህም፣ ይመቱሃል' አለኝ። በእውነት አዝኖልኝ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ እንደ ከንቲባው እየተራመደ ሄደ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔንም ሳቄ አፈነኝ፣ ታምኚኛለሽ? አረማመዱን አንዲት አላበላሸም።"

ፍሬገነት አሁንስ ምን አሰብክ ብላ ጠየቀችው። የሱቁ አከራይ፣ ሰፈሩ ጎጎ የሚላቸው አሮጊት፣ ትናንት ደውለው ክፍሉን አጽድቻለሁ፣ ተመለስ፣ ሰፈሩ ስላንተ ይጠይቃል ብለውታል። ኤርጎጌ ደግሞ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና ትላለች፤ ግን እሷም ልጆቹም የሚበሉት እሱ በላከው ነው። ሜይፌር ሰፈር ያሉት ዘመዶቹ ሌላ ሎኬሽን ፈልግ ይሉታል። ሌላ ሎኬሽን ማለት የማያውቁት ሰዎች ማለት ነው፤ የሚያውቁት ምን እንዳደረጉ ደግሞ አይቷል።

ተራቸው ደርሶ ተወጉ። በሩ ላይ ጥጡን ክንዱ ላይ ተጭኖ ሲሰናበታት፣ አሌክሳንድራ እንዳትመለስ ብላ ለመነችው።

"ሰኞ እከፍታለሁ። የት እሄዳለሁ?" አላት። "በደስታ ይቀበሉኛል፣ ታያለሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ደስታቸው ነው።"